መከራ ሰው ይሠራል ወይ? ጎንደር ላይ የተነሣ ክርክርና ምላሾቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ

ይህን የጽሑፍ ውይይት፣ ክሩን፣ የከፈተው ጎንደር ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር መምህር ነው። ሳይሸፋፍን ነው የገባበት፤ መከራ ያልቀመሰ ሰው ታላቅ ነገር አይሠራም ባይ ነው። መብራት ጠፋ ብሎ ደብተሩን የሚከድን፣ ባጃጅ አጣሁ ብሎ ከክፍል የሚቀር ተማሪ የበዛው ኑሮ ስለለሰለሰለት ነው ይላል። ማስረጃ ብሎ ሦስት ነገር ጠርቷል። አንዱ የቆሎ ተማሪ ነው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ አገሩን በሊቃውንት የሞላው። ሁለተኛው የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ ያደገው፣ ጎንደር ላይ ዘውድ የጫነው ቴዎድሮስ ነው። ሦስተኛው በባዶ እግሩ ሮጦ ሮም ላይ ወርቅ ያጠለቀው አበበ ቢቂላ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚለውን ተረት ጨምሮ በአንድ ጥያቄ ዘጋ፦ ታዲያ ለልጆቻችን ስንል ኑሮውን ሆን ብለን ብናከብድባቸው አይሻልም ወይ?

ክሩን ያስረዘመው ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። በመከራ ውስጥ አልፎ የተማረ ሰው አለ ማለት አንድ ነገር ነው፤ መከራ እንጨምር ማለት ግን ሌላ ነው፣ በልጅ ላይ የሚወሰን ውሳኔ ነውና።

ምላሽ 1 እና 2

የመጀመሪያው ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን አስታውሶ፣ መምህሩን መርቆ አለፈ። ሁለተኛው ለተረቱ ተረት መለሰ፦ የቸገረው እርጉዝ ያገባል የሚልም አለን እኮ፣ ችግር ብዙውን ጊዜ ሰውን ያላሰበውን ያስመርጠዋል እንጂ አያስመክረውም አለ። ተረት ለሁለቱም ወገን ስለማይጠፋ በዚህ በኩል ብዙ አልተኬደም።

ምላሽ 3

ክርክሩ መልክ የያዘው እዚህ ነው። መላሹ ቅኔና አቋቋም (የቤተ ክርስቲያን የዜማና የእንቅስቃሴ ሥርዓት) የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ሰላምታ አስቀድመው፣ የመምህሩን አሳቢነት አመስግነው፣ ከዚያ አንድ ነገር ለዩ፦ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ተማሪው ደጅ ለደጅ ሲዞር ነው፤ ትምህርቱ ግን የሚገኘው ከጉባኤው፣ የኔታ ተማሪ ሰብስበው ከሚያስተምሩበት ነው። ሰው ያየውን አመስግኖ ያላየውን ረሳ ይላሉ።

ያልታየውን በዝርዝር ጻፉት። ልጁ ከፊደል ይነሣል፤ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌሉን አልፎ ዳዊት ይደግማል። ዳዊት ደገመ ማለት ንባብ ቤቱን ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እንደ ፍላጎቱ ይሄዳል። ምስክር የሚሆነው፣ መምህርነትን የሚያስመሰክረው ቤት የታወቀ ነው፦ ለድጓ (ለዓመቱ የዜማ መጽሐፍ) ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት (ለቁርባንና ለሙታን ዜማ) ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በዓታ። በቅኔ ቤት ደግሞ ተማሪው ጠዋት ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከቅጥሩ ጥግ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ግሱን ያወጣል፣ ያረባል፣ ሰሙን ከወርቁ ያገጣጥማል። ጀማሪ ከሆነ የሚጠበቅበት 2 ቤት (ስንኝ) ያለው ጉባኤ ቃና ብቻ ነው። እሱ ሲሰምርለት 3 ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እያለ እያለ 8 ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ስብራቱን እዚያው ያቃኑለታል። ማታ የኔታ ራሳቸው ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ተማሪው ሰምቶ ይይዛል። ቀድሞ የበሰለው ተማሪ ደግሞ አዲሱን እየሰማ ያቀናዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ ይላሉ፤ ሸክሙ በደረጃ የተከፈለ ነው፣ ስሕተት ሳያድር ይታረማል፣ ከፊት የሚቀድም ታላቅ አለ። ቅኔ የሚያስቆጥረው ይህ ሥርዓት ነው። ረኃብ የሚያመጣውን ደግሞ በሌላ በኩል ያውቁታል። አዝመራ ተበላሽቶ ቁራሽ ሲጠፋ ቀድሞ የሚከዳው ቃል መያዝ ነው፤ ድጓ የሚያጠናው ልጅ ትናንት የተቀበለውን ቀለም (ትምህርት) ዛሬ ይሳሳተዋል፣ ክለሳ ይበዛበታል፣ አዲስ ቀለም መቀበሉን ያቆማል። ሲብስ ጉባኤው ይፈታል፣ ተማሪው ወደየአገሩ ይበተናል። መከራ የሚያስተምር ቢሆን ኖሮ ጉባኤ የሚሰፋው በረኃብ ዓመት፣ የሚፈታው በጥጋብ ዓመት በሆነ ነበር ብለው ጨረሱ።

ከዚህ የጠነከረ ነጥብ ክሩ ውስጥ አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ የጻፉት ሁሉ ወይ ይደግፉታል፣ ወይ ሊያልፉት ሲታገሉ ይታያሉ።

ምላሽ 4

የጤና መኮንን ነው፤ መሪጌታው በጨዋነት ያለፉትን እሱ ገልጦ ጻፈ። በአንዲት ጠባብ ጎጆ ስድስት ሰባት ሆነው ደበሎና ጋቢ ተጋርተው ሲተኙ ቅማል ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ ተስቦንና ግርሻን የምታዛምተው እሷ ናት። ግርሻ ተንኮለኛ ነው ይላል። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን አሠቃይቶ ይለቃል፣ ልጁ ዳንሁ ብሎ አኮፋዳውን ያነሣል፣ ሳምንት ያህል ቆይቶ እንደገና ይጥለዋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ ያለውን አደጋ ነው፤ ተህዋሲው የሚገባው ቅማሏ ስትፈነዳ በተቧጨረ ቆዳ በኩል ነውና። መድኃኒቱ ርካሽ አንቲባዮቲክ ነው፤ ነገር ግን በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለት፣ የትኩሳት መናርና የደም ግፊት መውረድ ሊከተል ስለሚችል ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሰው እየተከታተለው ነው የሚወሰደው። ከሱቅ ገዝቶ ጎጆ ውስጥ መዋጥ አደጋ አለው።

ስለ እከክም ጻፈ። 5 በመቶ የሆነው የፐርሜትሪን ቅባት ከአንገት በታች መላ ሰውነት ይቀባል፤ በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ ብብትና ብሽሽት ሳይዘለል። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፣ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ሕክምናው ከሸፈ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ተቀብቶ አምስቱ ስለቀሩ ነው፤ የጎጆው ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት መቀባት አለበት። ነጠላና ጋቢ በፈላ ውሃ ይታጠባል። ደበሎ ግን ቆዳ ነውና የፈላ ውሃ ያኮማትረዋል፤ በላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ቋጥሮ ከ3 ቀን በላይ ማቆየት ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ መምህሩን ጠየቀው፦ ከእነዚህ ውስጥ ለቅኔው የጠቀመው የትኛው ነው?

ምላሽ 5

ወሬው ወደ ውሻ ንክሻ ወጣ። አንዱ፣ ውሻ የነከሰው ተማሪ ቅጠል ቢታሰርለት ይበቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። የጤና መኮንኑ ከሥሩ ባጭሩ መለሰ፦ ቅጠልም ቅቤም አይደረግም፤ ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል፣ የተጀመረ ክትባት በየቀጠሮው ሳይቋረጥ ይጨረሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መመለሻ የለውም።

ምላሽ 6 እና 7

ስድስተኛው በፎገራ በኩል በመስኖ ሥራ ላይ ያለ የአትክልት ባለሙያ ነው፤ ለመምህሩ ያግዛል። የሽንኩርት ችግኝ ከመደቡ ሊነቀል ከ7 እስከ 10 ቀን ሲቀረው ውሃው ቀስ በቀስ ይቀነስለታል፣ ጥላው ይነሣለታል። ይህ ሳይደረግለት የተተከለ ችግኝ ማሳ ላይ በወጣ በማግሥቱ ፀሐይ ያጠወልገዋል። ስለዚህ ያልተቸገረ አይጸናም አለ።

ሰባተኛው በዚያው ሙያ የቆየ ይመስላል፤ ወንድሜ እውነቱን ነው፣ ግን ከመሃል ጀምሮ ነው የነገረን አለ። ያ ችግኝ ውሃ ከመቀነሱ በፊት ለሳምንታት ሳይጠማ አድጓል። ዘሩ ሊበቅል ሲል ውሃ ብትነፍገው ጭራሽ አይወጣም። በርበሬና ቲማቲም አበባ ሲይዙ ቢጠሙ አበባቸውን ያረግፋሉ፤ ሽንኩርቱም ራሱን በሚቋጥርበት ጊዜ ቢጠማ ኮስምኖ ይቀራል፣ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢጠጣ አይመለስም። ማጠንከር የሚባለው ሥር ለያዘ ችግኝ፣ በስተመጨረሻ፣ ለጥቂት ቀን፣ ቀስ በቀስ የሚደረግ ነው። ችግኙ በተተከለበት ሰዓት ደግሞ ወዲያው ውሃ ይለቀቅለታል፤ ይህን የረሳ ገበሬ ያጠነከረውን ችግኝ ራሱ ይገድለዋል።

ከዚህ በኋላ ችግኙ በየምላሹ ተጠቀሰ። ተገቢም ነበር፤ ችግር ይጠቅማል አይጠቅምም ከሚለው ጥያቄ ላይ መቼ፣ ለማን፣ ስንት ቀን የሚሉትን አስከተለ።

ምላሽ 8

ድምፁ ከፍ አለ። ጸሐፊው ልጆችን ለልመና የሚያወጣ ሥርዓትን ማድነቅ በደል ነው አለና መሪጌታውን በአንተ እየጠራ አፋጠጣቸው፦ ረኃቡ ቃል እንደሚያስጠፋ ካወቅህ ለምን አታበላቸውም? ውሻና ቅማል እንደሚጠብቃቸው እያወቅህ ለምን ትልካቸዋለህ?

አነጋገሩ የከረረ ነው፤ ጥያቄው ግን መጠየቅ የሚገባው ነበር፣ እስከዚያ ማንም አልጠየቀውም።

ምላሽ 9 እና 10

አወያዩ ገባና አባት በአንተ አይጠሩም፣ አሳብህን በእርስዎ መናገር ትችላለህ ብሎ ገሠጸ። መሪጌታው ቅር አላላቸውም። የኔታ ደመወዝ የላቸውም፤ ተማሪ ከሚያመጣው ቁራሽ አብረው የሚቀምሱ የኔታ ብዙ ናቸው አሉ። ገበሬው ከሞሰቡ ቆርሶ የሚሰጠው ጉባኤውን የሚያኖርበት መንገድ ሆኖ ለዘመናት ቆይቷል። ልመናውም ደንብ ነበረው፦ ትንሹ ብቻውን አይላክም፣ ከታላቅ ጋር ይወጣል፤ መንደሩ ይከፋፈላል፣ አንድ ደጅ በየቀኑ አይመታም፤ የመጣው ቁራሽ ለታመመው ቀድሞ ይነሣለታል፤ የተረፈው ደርቆ ኮቾሮ ሆኖ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ዛሬ ደንቡ የላላባቸው ቦታዎች እንዳሉ፣ ልጅ ብቻውን ወደ ከተማ ወጥቶ የሚባዝንበት ጊዜ እንዳለ አልደበቁም። የሚያበላ ቢገኝ ልጆቹን አስቀምጬ ባስተምር ደስታዬ ነው ብለው ጥያቄውን ለአንባቢው መለሱ። ወደ መጨረሻ ላይ መልስ አግኝቷል።

ምላሽ 11

ስለ ቴዎድሮስ እርማት ነው። ዘውዱ የተጫነው ጎንደር ከተማ ላይ ሳይሆን ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በአቡነ ሰላማ እጅ ነው ብሎ አረመ። ኮሶ ሻጭ የሚለውም ባላንጣዎቹ እናቱን ወይዘሮ አትጠገብን ለማዋረድ ያናፈሱት ስድብ መሆኑን አስታወሰ። አባቱ ደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ባላባት ነበር። ካሣ (ቴዎድሮስ ከመንገሡ በፊት የሚጠራበት ስም ነው) አባቱ ከሞተ በኋላ ችግር አይቷል፤ ነገር ግን በገዳም ንባብ ተምሯል፣ በዘመዱ በደጃዝማች ክንፉ ቤት አድጎ ፈረስና ጦር ለምዷል። ከሜዳ የተነሣ አድርገን ስናወራ ያሳደጉትን እንሰርዛለን አለ።

ምላሽ 12

የታሪክ ሰው የጻፈው ረጅም ምላሽ ነው፤ የዚያኑ የቴዎድሮስን ሁለት መከራ ጎን ለጎን አስቀመጠ።

የመጀመሪያው በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ የደረሰበት ሽንፈት ነው። ካሣ መድፍ ከያዘና በሥርዓት ከሠለጠነ የግብፅ ጦር ጋር ገጥሞ ተመታ። ሽንፈቱ መራራ ነበር፤ ግን ምክንያቱ ዓይን የሚያየው ነበር፦ መድፍና ሥልጠና። ካሣ ቆስሎ ቢመለስም ዕድሜም፣ ተከታይም፣ የሚያገግምበት አገርም ነበረው። ከዚያ በኋላ ወታደሩን ለማሠልጠን፣ መሣሪያ ለማከማቸት ያደረገው ጥረት ሁሉ ከዚያች ቀን ይመዘዛል። ንጉሥ ከሆነም በኋላ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስቦ መድፍ አስቀለጠ፤ ከሁሉ የሚተልቀው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝናል። ያንን ብረት በገደልና በጭቃ እያስጎተተ መቅደላ አደረሰው።

ሁለተኛው መከራ ሌላ ዓይነት ነው። በ1850 ዓ.ም. ሚስቱ እቴጌ ተዋበች አረፈች። ጥቂት ቆይቶ እንግሊዛዊው ወዳጁ ጆን ቤል በጦር ሜዳ ወደቀ። ይህ የሚጠገን ጉድለት አልነበረም፤ በዚያ ላይ ንጉሡን ደፍረው ተው የሚሉት ሰዎች ናቸው የሄዱት። ዓመፅ በየአቅጣጫው ሲነሣ ቅጣቱ እየከረረ ሄደ፣ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ራሷን አስዘርፎ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሱን ሰዋ። ጸሐፊው ጥያቄውን እንዲህ ወረወረ፦ ያው ሰው፣ ያው ልብ፣ ያው ጀግንነት ነው፤ ታዲያ አንዱ መከራ መድፍ ሲያስቀልጠው ሌላው ጎንደርን ለምን አስቃጠለው? የራሱ መልስ የመጀመሪያው የሚታረም ምክንያትና የማገገሚያ ጊዜ ነበረው፣ ሁለተኛው ሁለቱንም አልነበረውም የሚል ነው።

እኔን ያሳመነኝ ይህ ምላሽ ነው። ከጎንደር ሰው ደግሞ መስማቱ ክብደት አለው፤ ቴዎድሮስን የሚወድም የተቃጠሉትን ደብሮች የሚቆጥርም እዚህ ነውና።

ምላሽ 13

አንዱ ተቆጣ፤ ጀግናችንን ጨካኝ ማለት የጠላት ወሬ መድገም ነው አለ። አሥራ ሁለተኛው መልስ አልሰጠም፣ አወያዩም ነገሩ ከርእሱ እንዳይወጣ አስጠንቅቆ አለፈ። ጥቂት ሰዎች ግን ላይ ቤትና ታች ቤት ስለሚባሉት የአቋቋም ስልቶች፣ ከዚያም አለቃ ገብረ ሐና ስላወጡት ተክሌ አቋቋም ሲከራከሩ ቆዩ፤ ደብረ ታቦር ስለጸናው ዝማሜ የተባለው ደስ የሚል ነበር፣ ለርእሱ ግን ሩቅ ነው።

ምላሽ 14

የሩጫ አሠልጣኝ አበበን ያዘው። ሮም ላይ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ቶኪዮ ላይ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። በጫማ 3 ደቂቃ ያህል ፈጠነ፤ ያውም የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው። ሮም ላይ ጫማውን የተወው የቀረበለት ስላልተስማማው ነው፤ በባዶ እግር መሮጥንም አስቀድሞ ተለማምዶታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፦ ቀለብ፣ ደመወዝ፣ መኝታ፣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበረው። ባዶ እግሩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ሁሉ አላየም አለ።

ቀጥሎ ስለ ሥልጠና የጻፈው ለመምህሩ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ነው። ሰውነት የሚጠነክረው በከባዱ ልምምድ ሰዓት አይደለም፤ ያኔ ይጎዳል፣ የሚጠነክረው ሲያርፍና ሲበላ ነው። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ከባድ ቀን ይበቃል፣ በመካከላቸው ቀላል ቀን ይገባል። የሳምንቱ ርቀት ከቀደመው ሳምንት ከአንድ አሥረኛ በላይ ባይጨምር ይመረጣል። እንደ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ከቆላ የመጣ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ቀለል ተደርጎ ይጀመርለታል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሣ የልብ ምቱን ይቁጠር፤ ከወትሮው በ5 እስከ 10 ምት ከፍ ካለ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከቀነሰ ሸክሙ በዝቷል ማለት ነው። ሰነፍክ ብሎ የሚጨምርበት አሠልጣኝ ልጁን ለወራት ያስተኛዋል፤ ተሰጥኦ የሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ታክሞ፣ በዓመቱ እዚያው ቀስት ውርወራ መወዳደሩን በመጨረሻ ጠቀሰ። እዚያም ቢሆን ሐኪም፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የውድድር ሜዳ ነበረው።

ምላሽ 15 እና 16

አሥራ አምስተኛው የሥነ ልቡና መምህር ነው። በሃዋይ ካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆች ለአሥርተ ዓመታት ተጠንተዋል፤ ድህነትና የቤተሰብ ቀውስ ከተደራረበባቸው መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው አደጉ። ከአጥኚዎቹ አንዷ ከሆነችው ከኤሚ ወርነር ግኝቶች ዋናው፣ እነዚህ ልጆች ቢያንስ አንድ የማይለወጥባቸው አዋቂ ነበራቸው፤ አያት፣ አክስት፣ መምህር ወይም ጎረቤት። ቀሪዎቹ ሁለት ሦስተኛዎች ላይ ተረት አይነገርም አለ፣ ስለ መከራ ስናወራ ዓይናችን በአንድ ሦስተኛው ላይ ብቻ ስለሆነ ነው የምንሳሳተው።

አሥራ ስድስተኛው የጎንደሩን ማስረጃ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጤና ኮሌጁ ጎንደር ላይ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አንድ ላይ ማሠልጠን ጀመረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እሱ ነው። ወባው ግን ኮሌጅ አልሠራም ይላል፤ ወባው የሠራው መቃብር ነው። ኮሌጁን የሠሩት ገንዘብ የመደቡ፣ መምህራን ያመጡ፣ ሕንፃ የሰጡ ሰዎች ናቸው።

ምላሽ 17

እስከዚህ ድረስ የተጠቀሰው ሁሉ ወንድ መሆኑን አንዲት እኅት አነሣች። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሙሉ ሲሆን 20 ኪሎ ነው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ከምትቀዳው ልጅ ጀርባ ላይ ነው። ምንጩ ግማሽ ሰዓት ከራቀ፣ ወረፋው ሲታከል አንዱ ምልልስ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ይበላል፤ የሚቆረጠው ደግሞ ከጥናትና ከእንቅልፍ ነው። መከራ ታላቅ የሚያደርግ ቢሆን ከውሃ መንገድ ስንት ሊቅ ይወጣ ነበር ብላ ጠየቀች። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስንም ጠቀሰች፤ በጎጃም በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ ቅኔ ተቀኝተው፣ ወንበር ተክለው ወንድ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩ ናቸው። ቅኔ መምህር የሆኑ አባት ነበሯቸው፣ ዓይነ ስውር ሴት ልጅ ናት ብለው ከጉባኤ አላስቀሯትም። ይህ ምላሽ ከሌሎቹ ያነሰ ሰው ነው የመለሰበት፤ ከሚገባው በታች ነው።

ምላሽ 18

መምህሩ ተመለሰ። ሁሉንም አንብቦ አመስግኗል፤ ሆኖም ምንም የማይከብደው ልጅ ይበላሻል ከሚለው አልወረደም፣ ስለ ክፍሉ ያነሣው ችግር እውነት መሆኑንም ደገመ። አሁን የጠየቀው ሌላ ነው፦ 60 ተማሪ በያዘ ክፍል ጫናን በልክ እንዴት ልስጥ?

ያመጣው ጥያቄ ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። አሠልጣኙና የሥነ ልቡናው መምህር ከሥሩ ተጋግዘው መለሱ፦ ተማሪው ከሚችለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሥራ በሳምንት ሁለት ጊዜ፤ እርማቱ በማግሥቱ፤ 60 ደብተር ማረም ስለማይቻል በ5 በ5 ተከፋፍለው 12 ቡድን ይሁኑ፣ ጎበዙ የቡድኑን ያስተካክል፣ መምህሩ ከየቡድኑ አንድ አንድ ደብተር እያፈራረቀ ይይ። መሪጌታውም በቅኔ ቤት የሚደረገው ይኸው ነው ብለው አከሉ። ሆን ብሎ ረኃብ ወይም እንቅልፍ ማጣት መጨመር ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው ያለው የጤና መኮንኑ ነው።

ምላሽ 19

በእርዳታ ቀለብ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ለስምንተኛው ጥያቄ ስሌት አቀረበ። ለአንድ ሰው በቀን 400 ግራም እህል፣ 60 ግራም ጥራጥሬ፣ 25 ግራም ዘይት ብንይዝ፣ 50 ተማሪ ላለው ጉባኤ በቀን 20 ኪሎ እህል ይሆናል፤ በወር 6 ኩንታል። ጥራጥሬው 90 ኪሎ፣ ዘይቱ 37 ኪሎ ተኩል ይሆናል። 120 አባወራ ያለው አንድ እድር ቢይዘው ለአንድ ቤት የሚደርሰው በወር 5 ኪሎ እህልና ከአንድ ኪሎ ያነሰ ሽሮ ነው። በጾም ወራት ወተትና እንቁላል ስለሌለ ጥራጥሬውን ከፍ ማድረግ፣ ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ማየት፣ ጎመን በጉባኤው ጓሮ መትከል ይገባል።

ስምንተኛው ጸሐፊ ተመልሶ፣ በዚህ ጊዜ መሪጌታውን በእርስዎ ጠርቶ፣ እህሉ የሚቀመጥበት ቦታ አለዎት ወይ ብሎ ጠየቀ።

ምላሽ 20

መሪጌታው አንድ የቆርቆሮ ቤት እንዳለ፣ ነገር ግን ወለሉ አፈር መሆኑን ጻፉ። የአትክልት ባለሙያው መለሰላቸው፦ ጆንያው ከመሬት እንዲነሣ ከሥር የእንጨት ርብራብ ይደረግ፣ ከግድግዳው ክንድ ያህል ይራቅ፣ እህሉ ሳይገባ በፊት ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ በጥርስ ሲነከስ ፍሬው ካልተሰበረ አልደረቀም። ዱቄት ቶሎ ስለሚነቅዝ የሁለት ሳምንቱ ብቻ ይፈጭ። የጤና መኮንኑ ደግሞ እህሉ በሚመጣበት ቀን ለጎጆዎቹ ሁሉ የእከክ ቅባት በአንድነት እንዲሰጥ ከጤና ጣቢያ ጋር መነጋገር እንደሚቻል ጨመረ፤ ስንት ጎጆ፣ በየጎጆው ስንት ልጅ እንዳለ ተቆጥሮ ዝርዝሩ ይላክልኝ ብሎ ጠይቋል።